ወደ ደጅ የወጣው ቱቦ

ኦስሎ፣ ቬስትሊ
መስከረም 12 ቀን 2002 ዓ.ም.

በድሬ ፀሐይ ሥር ለምትኖረው ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ዘካርያስ፣

ጉልበትህ እንዴት ሰንብቷል? ግፊትህስ? እኔን አትጠይቀኝ፤ ደስታ የሚያወፍር ቢሆን ዛሬ በበሩ አልገባም ነበር። እማ ደረሰች! ከአውሮፕላን ማረፊያው በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋች ስትወጣ፣ የሚገፋትን ፈረንጅ በአማርኛ እየመረቀችው አገኘኋት። «ምን አለሽ?» ብላት «ምንም አላለኝ፤ አዳማጭ ልጅ ነው» አለችኝ። እንዳሻው እስኪያነባ ሳቀ። ባሌን ታውቀው የለ፣ ከሳቀ ማቆሚያ የለውም።

ያ የፋብሪካ ቦይለር ጆሮህን ከበላው፣ አንተም «ሰው ጆሮዬ ላይ እየጮኸ የስልክ ወሬ አይተረጉምልኝም» ብለህ ከማልክ ወዲህ እጄን ለደብዳቤ አሠልጥኛለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስፈተን እንኳ ይህን ያህል አልጻፍኩም።

እንግዲህ የቤቱን ነገር ልንገርህ። አሥራ ስድስት ዓመት የኮሙን፣ የማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ፎቅ ላይ ኖረን በሰኔ የገባንበት የራሳችን ቤት፣ ባቡሩ መጨረሻው ላይ ደርሶ ከሚቆምበት ጥቂት ከፍ ብሎ ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ ከተያያዙት ቤቶች አንዱ። የድሮው ባለቤት ጋዝ በሚጭን መርከብ ላይ የኖረ ሰው ነው አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ በኤሌክትሪክ ሲሞቅ እሱ በጋዝ የሚሠራ ቦይለር አስገብቶልናል። ቦይለር ስልህ የአንተን ዓይነት ዝሆን እንዳይመስልህ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን የሚያህል ነጭ ነገር ነው። ውሃ አሙቆ በየክፍሉ ላሉት የማሞቂያ ብረቶች ይልካል።

ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። እማ ደረጃ ስለማትወጣ ምድር ቤቱን፣ ልብስ ማጠቢያ የነበረውን፣ ቀለም ቀብተን ለእሷ አደረግነው። ቦይለሩም እዚያው ነው። ከሆዱ ቀጭን ቱቦ ይወጣና ወለሉ ላይ ተጋድሞ ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ (እዚህ ስሉክ ይሉታል) ውሃ ያንቆረቁራል። ቀን ከሌት ጉርርር ነው። እማ «ሆዱ የሚጮህ ጎረቤት አጠገብ አስተኛሽኝ» ትላለች። ትናንት ደግሞ ምርኩዟ በቱቦው ተጠልፎ ልትወድቅብኝ ነበር። የማሽኑን ሥዕል ከመመሪያው ላይ ኮፒ አድርጌ ልኬልሃለሁ። የት ላድርገው? ከአንተ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

እማ የምትለው ይህ ነው፣ ቃል በቃል፦ «ለዚያ ደንቆሮ ልጄ፣ ለፋሲካ እመለሳለሁ በይው። ዶሮዎቼን ቆጥሬ ነው የመጣሁት።»

ታናሽህ ቆንጂት


ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ጥቅምት 3 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቆንጂት፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ፤ ቤትሽን ይባርክልሽ። እማ በሰላም መድረሷን ሰምቼ ተንፍሻለሁ። ዶሮዎቹ ሰባት ናቸው፤ ትቁጠራቸው።

ሥዕሉን ሁለት ቀን አየሁት። የእኛ ቦይለር ጭሱን ትኩሱን ነው ወደ ሰማይ የሚለቀው። የአንቺው ግን ጭሱ ከመውጣቱ በፊት ሙቀቱን ጨምቆ ይወስድበታል፤ ያን ጊዜ ጭሱ ያልበዋል። ቱቦው የሚያንቆረቁረው ያንን ላብ ነው። ኮንደንሴት ይባላል። ሲያዩት የምንጭ ውሃ ይመስላል፤ ግን ኮምጣጣ ነው፤ ብረትና ሲሚንቶ ይበላል። እማ እንዳትታጠብበት። የሚያልፍበት ሁሉ ፕላስቲክ ይሁን።

ከማሽኑ ሥር እንደ ጉሮሮ የታጠፈ ነገር አለ። እሱን እንዳትነኩት። ሁልጊዜ ውሃ ካልያዘ ጭሱ ወደ እማ ክፍል ይመለሳል።

ከጉሮሮው በኋላ ግን ወለሉ ላይ መጋደሙን ተዉት። ግድግዳውን ብሱና ወደ ደጅ አውጡት። ውሃው እንዳይተኛ ቱቦው ቀጭን ይሁን፤ በየሜትሩ ሦስት ጣት ዝቅ ይበል፤ መሠረቱን እንዳይበላው ረዘም ብሎ ከአትክልቱ ጫፍ ይድረስ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ ፍሳሽ ቤት ውስጥ አስቀርቶ የተመሰገነ ሰው አላየሁም። ከሰው መኝታ ይውጣ።

ስትጨርሱ በሌሊት ስንት ሊትር እንደሚያወጣ በባልዲ ለክተሽ ጻፊልኝ። የማሽን ጤና የሚታወቀው በሚያወጣው ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

ወንድምሽ ዘካርያስ


ኦስሎ
ጥቅምት 26 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለጋሼ፣ ለቤታችን መሐንዲስ፣

እጅህ ይባረክ! ያልከው ሁሉ ተደርጓል፣ አንድም ሳይጎድል። ደብዳቤህን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌው እንግዳ ሁሉ እያነበበው ነው የሚወጣው።

መሰርሰሪያ ያመጡልን ጎረቤታችን አቶ ወልደኣብ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአስመራ አናጢ። እንዳሻው ደብዳቤህን እያነበበ፣ እሳቸው እየበሱ፣ እኔ ሦስት ጣቴን ቱቦው ሥር እያስገባሁ። ምን ልበልህ፣ ሠርግ ነበር! እማ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ «ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!» ትላለች፤ ግራው የቱ እንደሆነ ማንም አልገባውም።

አቶ ወልደኣብ ሲጨርሱ ቱቦውን ቆመው አዩትና «ቆንጂት፣ የዚህ አገር ክረምት ሲመጣስ?» አሉኝ።

«ምን ይሆናል?»

«ቀጭን ነው። ረጅም ነው። እንጃ።»

«ጋሽ ወልደኣብ፣ ወንድሜ ሠላሳ አንድ ዓመት ቦይለር ያሳደገ ሰው ነው። እርስዎ ስንት አሳደጉ?»

«እኔ ያሳደግኩት አራት ልጅ ነው፤ ማናቸውም አይሰሙኝም» ብለው መሰርሰሪያቸውን ጠቀለሉ። ውሃው እንደሆን ለብ ብሎ ነው የሚወጣው፤ እኔው እጄን አስገብቼ አይቻለሁ።

ክፍሉ አሁን ጸጥ ያለ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት «ጎረቤትሽ ሞተ ወይ?» አለችኝ እማ። ደጅ ይዣት ወጥቼ ከቱቦው ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል አሳየኋት። ልክ እንዳዘዝከኝ ለክቻለሁ፤ በአንድ ሌሊት ስድስት ሊትር ተኩል።

እማ፦ «ደንቆሮው፣ ጥሩ ሠርተሃል። ሰው ሳይሰማም ያውቃል ለካ። ዶሮዎቹ ስምንት ነበሩ።»

የምትኮራብህ ቆንጂት


ድሬዳዋ
ኅዳር 18 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቆንጂት፣ ሰላም ለቤትሽ፣ ጤና ለእናታችን።

ስምንተኛዋን ድመት ወሰዳት። ይህን ለእማ አትንገሪያት፤ ወይም ንገሪያት፣ ታውቃለች።

ስድስት ሊትር ተኩል መልካም ነው። ብርዱ ሲበረታ ማሽኑ ይበልጥ ስለሚሠራ ውሃውም ይበዛል። ዕለት ዕለቱን ለክተሽ ሳምንት ሙሉ ጻፊልኝ። ፋብሪካ ሳለሁ እንዲህ ነበር የምመዘግበው። ደብዳቤሽን ለድሮ ባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። «ዘካርያስ ኦስሎ ላይ ቦይለር ተከለ» ብለው ሻይ ጋበዙኝ።

ለእማ የመመለሻ ቲኬቷን ቀን ቁረጪና አሳውቂኝ። በሯን አሳድሼ ልጠብቃት።

ዘካርያስ


ኦስሎ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘካርያስ፣

እንዴት ነህ? እዚህ ቀኑ ጠፍቷል። ጠዋት በጨለማ ወጥቼ በጨለማ እመለሳለሁ፤ ሄልስፊር የማጸዳው ቢሮ ውስጥ ነው መስኮቱ ሲነጣ የማየው፣ እሱም ስድስት ሰዓት ያህል። እንዳሻው ግሮንላንድ ሰፈር ሄዶ ጤፍ አምጥቷል፤ ሻጯ የዘንድሮው ጥሩ ነው ብላ ምላ ሸጠችለት፣ ግማሹ አሸዋ ሆነብን። ሲመልስላት «አሸዋውን አልመዘንኩብህም» አለችው! እንዲህ ያለ አፍ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ራሴ ተሸነፍኩ።

እማን ትንሽ ጉንፋን ነክቷት ነበር። ሌገቫክት፣ የድንገተኛ ሐኪም ማለት ነው፣ ወስደናት መድኃኒት ሰጧት። አትጨነቅ። ከእኛ ጋር ፎቅ አምጥተናት ሳሎን ነው የምትተኛው፣ ለጨዋታም ይመቻል።

ልኬቱን እንዳልከው ይዣለሁ። ሰኞ ዘጠኝ ሊትር። ማክሰኞ ዘጠኝ ተኩል። ረቡዕ አሥር። ሐሙስ አሥራ አንድ። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ምንም። ማሽንም እንደ ሰው ነው መሰለኝ፣ ያርፋል።

እማ፦ «ብርድ ነው በይው።»

ዛሬ ብዙ አላወራችም፤ ገና መጣ አይደል፣ ጾምም አለ።

ቆንጂት


ድሬዳዋ
ጥር 2 ቀን 2002 ዓ.ም.

ቆንጂት፣

በሰላምታ ጊዜ አላጠፋም፤ ይቅር በይኝ።

በብርድ ወር የሚያርፍ ቦይለር የለም። ሐሙስ አሥራ አንድ ሊትር ያወጣ ማሽን ዓርብ ባዶ ካወጣ፣ ወይ ቆሟል ወይ ጉሮሮው ታንቋል። አራት ቀን ውሃ ከሌለ አራት ቀን እሳት የለም። እሳት ከሌለ እማ የት ነበረች?

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደበላ ዘንድ ሄድኩ፣ ለስላሳና በረዶ የሚሸጠው። የአንቺን የሚያህል ቀጭን ቱቦ ገዝቼ ውሃ ሞላሁና ማቀዝቀዣው ውስጥ አሳድርልኝ አልኩት። «ጋሽ ዘካርያስ፣ አረጁ» ብሎ ሳቀብኝ፣ ግን አሳደረልኝ። ጠዋት ሲያወጣው እንደ በትር ቀጥ ብሎ ወጣ። ደበላም ያን ጊዜ አልሳቀም፤ ፊቴን አይቶ ወንበር ሰጠኝ።

እኔ ውሃ በቧንቧ ውስጥ ድንጋይ ሲሆን ዓይቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። አንቺ ግን እዚያ አሥራ ስድስት ዓመት ኖረሻል። ለምን ዝም አልሽኝ?

ቱቦውን ይህን ወረቀት ሳታስቀምጪ ወደ ቀድሞው ቀዳዳ መልሱት። የእማንም ነገር እንዳለ ጻፊልኝ። በራሷ ቃል።

ዘካርያስ


ኦስሎ
ጥር 25 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ልብህን ያረጋጋልኝ፣

አይ አንተ! ያን ሁሉ መንገድ በፀሐይ በረዶ ቤት ድረስ! ደበላ እውነቱን ነው፣ አርጅተሃል።

ስለ ቱቦው ከልብህ አውጣው። የውጭውን ቱቦ እኮ ገና ድሮ ነው ያነሳነው። ሮርለገር፣ የቧንቧ ባለሙያ ማለት ነው፣ አንድ ቀን ሲያልፍ አየውና «ወደ ስሉኩ ይሻላል» ብሎ መለሰው፤ አበቃ። የቀሩት ቀኖች እኔ ለመለካት ሰንፌ ነው እንጂ ውሃውስ ነበረ። ስንፍናዬን ታውቃለህ፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የአንተን ደብተር ስገለብጥ ይዘኸኝ የለ።

እማ ደህና ናት። እንቅልፏ ጥሩ ነው። አሁን ምንም አያማትም።

ለሳሎኑ መጋረጃ ገዝተናል፤ አረንጓዴ። እንዳሻው አልወደደውም፣ እኔም አልወደድኩትም፣ ግን ተሰቅሏል። በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷል። አቶ ወልደኣብ በየጠዋቱ እየመጡ ደጃችንን ይጠርጉልናል። ክፍያ እንዳይመስልህ፣ ዝም ብለው ነው።

እማ የምትለው፦ «ልጄ ሆይ፣ ጌታ ይጠብቅህ፣ ስለ ምንም ነገር አትጨነቅ።»

እህትህ ቆንጂት


ድሬዳዋ
የካቲት 19 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቆንጂት፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔንም ያጽናኝ።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። እናቴ «ልጄ ሆይ» ብላኝ አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ኮቴን ለብሼ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም፤ ሰው ቀርቦ ነው የሚነግረው። ስለዚህ መምጣታቸው አይቀርም ብዬ ጠበቅኋቸው።

እሑድ ንጋት መጡ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ገነነና ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች። ለብሼ ሲያገኙኝ እርስ በርስ ተያዩ። ገነነ እንደ ወጉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። አልሰማሁትም። ደገመው፤ አልሰማሁትም። ከበስተኋላው ጎረቤቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ አያለሁ፤ እኔ ግን ገና አልተነገረኝም። በመጨረሻ ጆሮዬ ላይ አፉን ገጥሞ ጮኸ። መንደሩ ሁሉ ሰምቶ እኔ የመጨረሻው ሆንኩ።

በጥር 5 ማረፏን፣ አንቺም ያኔውኑ ደውለሽ እንደነገርሻቸው፣ ግፊቴን ፈርተው ሲያዘገዩ አርባዋ ስለደረሰ እንደመጡ ነገሩኝ። አርባዋን በማግሥቱ አወጣን። የመጣው ሰው ብዙ ነው።

እዚያው እንደቀበርሻትም ሰማሁ። ለምን አላመጣሽልኝም ብዬ አልወቅስሽም።

ለሽማግሌዎቹ ስለ ቱቦው አልነገርሻቸውም። ማንም አላነሳብኝም። ሁሉም «እርጅና ነው» ይሉኛል፤ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ባልደረቦቼ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ኦስሎው ቦይለር አንድ ቃል ሳይናገሩ ተነሱ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ እነሱም አስበውታል።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ልታጽናኚኝ አትሞክሪ። የኔ ቱቦ ነው ወይስ አይደለም?

ዘካርያስ


ኦስሎ
መጋቢት 10 ቀን 2002 ዓ.ም.

ጋሼ፣

አዎ። ቱቦው ነው።

ዓርብ ታኅሣሥ 9 ጠዋት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ነበር። ከግድግዳው እስከ አትክልቱ ጫፍ ድንጋይ ሆነ፤ ውሃው ወደ ማሽኑ ተመለሰ፣ ማሽኑ ቆመ። አቶ ወልደኣብ የፈላ ውሃ እያፈሰሱ ይፈቱታል፣ ጠዋት ተመልሶ ያው ነው። ሮርለገሩ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። «ወደ ውጭ? እዚህ አገር?» አለ። በሩብ ሰዓት ወደ ስሉኩ መለሰው። እማ ግን ሳንባዋ ተይዞ ነበር። ሐኪም ቤት ሦስት ሳምንት ከአንድ ቀን ተኛች። መቃብሯን ለመቆፈር መሬቱን በማሽን አሙቀው ነው የከፈቱት። ወደ አገር ያልላክኋት ሬሳዋን ካየህ ትጠይቀኛለህ ብዬ ነው። እውነቱ ይሄ ነው።

አንተ ቱቦውን እንዲህ አድርጉ ስትል ውርጭ ዓይተህ አታውቅም። እኔ አሥራ ስድስት ክረምት አይቻለሁ። አቶ ወልደኣብ ሲጠይቁኝ በአንተ ስም አፋቸውን ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ግን አንተም ከደብዳቤዬ አንብበኸዋል። ያላነበብከውን ልንገርህ። ለእንዳሻውም አልነገርኩትም።

በዚያ ዓርብ ለሥራ ስወጣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። እማን ልስማት ምድር ቤት ወረድኩ። ማሽኑ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። አይቼዋለሁ፣ ጋሼ። እማም አይታዋለች። «ይህ ነገር ዓይኑ ቀላ» አለችኝ። እጄን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ፤ ለብ ማለቱም እየጠፋ ነበር። ባቡሩ ሊሄድ ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል። ያን ሳምንት ሁለት ጊዜ አርፍጄ አለቃዬ ተቆጥቶኝ ነበር። «ይጠፋል፣ ስመለስ አየዋለሁ» አልኳት። እንዳሻውን ከእንቅልፉ መቀስቀስ እችል ነበር፤ እሱም ሁለት ሰዓት ላይ ለሥራ ሲወጣ እማ ተኝታለች ብሎ ምድር ቤቱን አልከፈተውም። በስልክ ልነግረው እችል ነበር፤ ቢሮ ስገባ ረሳሁት። አየህ፣ ረሳሁት። አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ለምን አልጠራሽም ብላት ማንን በምን ቋንቋ ልጥራ አለችኝ።

እስካሁን የዋሸሁህ ለአንተ ስል ነው ብዬ ለራሴ ነግሬ ነበር። ግማሹ ለራሴ ነው። አንተ ስለ ቱቦው ስትጠይቅ፣ ስለ መብራቱ የሚጠይቀኝ ሰው የለም ብዬ ነው።

ያን ዓርብ ስወጣ በሩ ላይ ዞር ብዬ አየኋት። እጇን አወዛወዘችልኝ። «ሂጂ፣ ባቡሩ ያመልጥሻል» አለችኝ።

እህትህ፣ የምትለኝን የምትጠብቅ፣
ቆንጂት